ጉባዔው እስኪሰየም ንብረቱን ማን ይጠብቀው?



ሁለት ሰዎች ተስማምተው ውል ሲጽፉ መጨረሻው ገጽ ላይ «በመካከላችን የሚነሣ አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይወሰናል» የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። በዚያች ሰዓት ማንም ብዙ አያስብበትም። ጠቡ የመጣ ዕለት ግን ማን እውነት አለው ከሚለው ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ገላጋይ ዳኞቹ ተመርጠው ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ የተጣላንበት ነገር ባለበት ይቆያል ወይ?

የግልግል ጉባዔ እንደ ፍርድ ቤት በሩን ከፍቶ ባለጉዳይ የሚጠብቅ ተቋም አይደለም፤ የሚሰየመው ጠብ ሲነሣ ነው። አንደኛው ወገን ዳኛውን ይመርጣል፤ ሌላኛው ያመነታል፤ ሁለቱ ዳኞች ሰብሳቢ ይፈልጋሉ፤ በተመረጠው ሰብሳቢ ላይ ተቃውሞ ይነሣል። ሲፈጥን ሳምንታት፣ ሲዘገይ ወራት ይሄዳል። በዚያ መካከል ቃሊቲ መጋዘን የተቀመጠው ቡና ለሌላ ገዢ ይሸጣል። ኤክስካቫተሩ በሌሊት ተጭኖ ከሳይት ይወጣል። ባንክ ያለው ገንዘብ በሁለት በሦስት ቼክ ያልቃል። ከዓመት በኋላ ጉባዔው በሕግም በማስረጃም የተሟላ ውሳኔ ቢሰጥ የሚፈጸምበት ነገር አይገኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ስለዚህ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ይሮጣል፤ መሮጥም አለበት። ዛሬ ልከራከርለት የመጣሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ ግልግል የተዋዋለ ሰው ጊዜያዊ ጥበቃ ፍለጋ ፍርድ ቤት ቢሄድ ቃሉን አላጠፈም። ፍርድ ቤቱም ሊሰማው ይገባል። ነገር ግን የሚሰጠው ትእዛዝ ጉባዔው የሚወስንበትን ነገር ያቆይ እንጂ በጉባዔው ፈንታ አይወስን። ድንበሩን መናገር ቀላል ነው፤ መዝገብ ላይ ሲመጣ ግን ይደበዝዛል።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓታችን የተጣሉ ሰዎች በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አስቁመው ዳኘን ሊሉት ይችሉ ነበር። ሁለቱም ወደው የተቀበሉት ዳኛ ስለሆነ ከዛሬው ገላጋይ ዳኛ ብዙ አይርቅም። ከዚህ ጎን ሌላ ልማድ ነበር። ዋስ ያልጠራ ባለዕዳ ከከሳሹ ጋር በነጠላ ጫፍ ይቆራኝና ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፤ ነገሩ ሲከብድ ሰንሰለት ይገባል። «በንጉሥ አምላክ» የተባለ ሰውም ባለበት መቆም ነበረበት። ቁራኛው ማን እንደሚረታ አይናገርም፤ ዕዳውንም አያስከፍልም። ሥራው ዳኛው በተቀመጠ ጊዜ የሚዳኝ ሰው እንዳይጠፋ ማድረግ ብቻ ነው። ሰውን ማሰር ቀርቶ ንብረትን ማገድ መምጣቱ ትልቅ መሻሻል ነው፤ አሳቡ ግን ያው ነው። አባቶቻችን ዳኝነትና ጥበቃ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያውቁ ነበር።

የተጻፈው ሕጋችንም ይህን ልዩነት ከጥንት ይዞታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ግልግል በደነገገበት ክፍል፣ በቁጥር 3344 ላይ፣ የግልግል ውል እያለ ክርክሩን ራሱን ወደ ፍርድ ቤት የወሰደ ሰው ምን እንደሚገጥመው ይናገራል። ተቃራኒው ወገን ከፈለገ ግልግሉ ይፈጸምልኝ ይላል፤ ከፈለገ ደግሞ ለዚያ ክርክር ውሉ እንደ ፈረሰ ይቆጥረዋል። ወዲያው ግን መብቱ እንዳይጠፋበት የመጠበቂያ እርምጃ ብቻ የወሰደ ሰው በግልግል ውሉ የመጠቀም መብቱን አያጣም ይላል። ክርክርን መውሰድ አንድ፣ መብትን ከጥፋት ማዳን ሌላ።

ይህ የሕጉ ክፍል ዛሬ በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ በብዛት የተከተለው የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 አውጥቶ በ2006 ያሻሻለውን የሞዴል ሕግ ነው። በዚያ ሞዴል አንቀጽ 9 አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ግልግሉ ከመጀመሩ በፊት ወይም በሂደት ላይ እያለ ጊዜያዊ ጥበቃ ከፍርድ ቤት መጠየቅና ፍርድ ቤቱም መስጠቱ ከግልግል ስምምነት ጋር አይጋጭም ይላል። የእኛም አዋጅ ይህን ተቀብሏል። ከዚያም አልፎ ጉባዔው ራሱ የጥበቃ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ፍርድ ቤትም ያንን ትእዛዝ የሚያስፈጽምበት መንገድ አለ።

ታዲያ ሕጉ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ሰው ለምን ይፈራል? ፍርሃቱ መሠረት ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፊላደልፊያ ያለው የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የፔንሲልቬንያ ጎማ አምራች ከጣሊያኑ ሴያት ኩባንያ ጋር የነበረውን ጉዳይ አየ። ውሉ ክርክሩ በብራስልስ በግልግል ይታይ ይል ነበር። አሜሪካዊው ኩባንያ የሴያትን ንብረት ከፍርድ በፊት አስይዞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ይህን ያህል ወደ ፍርድ ቤት መምጣት ስለ ውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎች የተደረገውን የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት መንፈስ ይጥሳል ብሎ የተያዘውን አስለቀቀ። በ1982 የኒውዮርክ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ያንኑ አስተሳሰብ ተከተለ። የኒውዮርክ ስምምነት ስለ ጊዜያዊ ጥበቃ የሚለው ነገር የለም፤ ዳኞቹ ዝምታውን ክልከላ አድርገው አነበቡት። የኒውዮርክ ሕግ አውጪ በ1985 ለግልግል የሚያግዝ እግድና ንብረት ማስያዝን በሕግ ፈቀደ፤ በ2005 ደግሞ ከግዛቱ ውጭ ለሚካሄድ ግልግልም እንዲሠራ አሻሻለው። አገራችን የኒውዮርክን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ስለተቀበለች፣ አንድ ቀን ይህንኑ የዝምታ ክርክር እኛ ችሎት ላይ የሚያነሣ ጠበቃ ቢመጣ መልሱ ከወዲሁ አለን። ዝምታው ክልከላ አይደለም፤ የራሳችን አዋጅ ደግሞ በግልጽ ፈቅዷል።

የግልግል መብቱን የሚያጣው እግድ የጠየቀ ሰው ሳይሆን ዋናውን ክርክር የተከራከረ ሰው ነው። ጀማሪ ጠበቆች ይህችን በደንብ ያዙልኝ። ደንበኛችሁ ተከሶ መጥሪያ ሲደርሰው፣ የግልግል አንቀጽ እያለ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሳታነሡ በፍሬ ነገሩ ላይ መልስ ብትሰጡ በሩን በራሳችሁ እጅ ዘጋችሁት። እግድ ጠያቂም ሆናችሁ ብትቀርቡ አቤቱታውን ከሙሉ ክስ ጋር አትቀላቅሉት። ዳኝነት የምትጠይቁት ስለ እግዱ ብቻ መሆኑን፣ ዋናው ጉዳይ ለጉባዔ እንደሚቀርብ፣ የግልግል መብታችሁንም እንዳልተዋችሁ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጻፉ።

አሁን ወደ ድንበሩ ልምጣ። ከማውቃቸው መዝገቦች ሁሉ ይህን በደንብ የሚያሳየው እንግሊዝንና ፈረንሳይን በባሕር ሥር የሚያገናኘው ዋሻ ሲሠራ የተነሣው ክርክር ነው። የዋሻው ባለቤት ዩሮተነል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1986 አምስት የእንግሊዝና አምስት የፈረንሳይ ተቋራጮች ከተጣመሩበት ማኅበር ጋር ተዋዋለ። ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ ሦስት ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ያየዋል፤ በእሱ ያልተስማማ ወገን ብራስልስ ላይ ሦስት ገላጋይ ዳኞች ፊት ይቀርባል ተባለ። በኋላ በዋሻው ውስጥ የማቀዝቀዣ ሥርዓት እንዲገባ በተጨማሪ ሥራ ትእዛዝ ታዘዘ፤ በዋጋው ላይ ግን መስማማት ጠፋ። በጥቅምት 1991 ተቋራጮቹ የጠየቅነው ካልተከፈለን የማቀዝቀዣውን ሥራ እናቆማለን ብለው ጻፉ።

ዩሮተነል ለንደን ፍርድ ቤት ሄዶ ሥራ እንዳያቆሙ እገዱልኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግልግሉ ውጭ አገር ስለሆነ ሥልጣን የለኝም አለ። ጉዳዩ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። በጥር 1993 ሎርድ ማስቲል የሰጡት ዋና አስተያየት ሁለት ክፍል አለው፤ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ያስታውሳል። የመጀመሪያው፣ ግልግሉ ብራስልስ ቢሆንም የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እግድ የመስጠት ሥልጣን አለው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥልጣኑ አለን፣ በዚህ ጉዳይ ግን አንጠቀምበትም የሚል ነው። ምክንያቱም ዩሮተነል በጊዜያዊ እግድ ስም የጠየቀው በመጨረሻ ከገላጋዮቹ ሊያገኘው የሚፈልገውን ዋና ዳኝነት ነበር። ተቋራጮቹ ሥራውን እንዲቀጥሉ ዛሬ ከታዘዙ ለባለሙያዎቹ ቡድንና ለብራስልሱ ጉባዔ ምን ይቀራል? ሁለቱም ወገኖች ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ የክርክራቸውን መንገድ አስበውበት መርጠዋል፤ በመረጡት መንገድ ይሂዱ ተባለ።

እኔ ይህ ፍርድ ልክ ነው እላለሁ፤ አስቸጋሪ ቢሆንም። ዩሮተነል የተጨነቀው በከንቱ አልነበረም። የማቀዝቀዣው ሥራ ቢቆም ግዙፉ ፕሮጀክት ይጓተታል፣ አበዳሪዎች ይደነግጣሉ። ሆኖም የሥራ መጓተት በገንዘብ የሚተመን ጉዳት ነው፤ ጉባዔው ኋላ ካሳ ሊወስንበት ይችላል። የተሸጠ ቡና፣ የተነቀለ ማሽን፣ የተሰረዘ የኮምፒውተር መረጃ ግን ካሳ የማይመልሰው ሊሆን ይችላል። እግድ የሚጠይቅ ሰው ፍርድ ቤቱን ማሳመን ያለበት እዚህ ላይ ነው። እግዱ ዛሬ ካልተሰጠ ምንድን ነው ከነአካቴው የሚጠፋው? መልሱ «ገንዘብ አጣለሁ» ብቻ ከሆነ ጥያቄው ደካማ ነው። «ገንዘቡን የሚከፍለኝ ሰው ንብረቱን እያሸሸ ነው» ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 151 እስከ 153 ከፍርድ በፊት ንብረት ስለ ማስያዝ፣ ከ154 ጀምሮ ስለ ጊዜያዊ እግድ የደነገገው ለዚህ ነው። ቁጥር 154 ክርክር የተነሣበት ንብረት ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ለሌላ ሊተላለፍ መሆኑ በቃለ መሐላ ወይም በሌላ መንገድ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ማረጋገጫ ነው የሚለው፤ ስጋት ብቻ አይደለም።

በግንባታ ሥራ ያላችሁ ደግሞ ልባችሁ ያለው የባንክ ዋስትና ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ ሲወስድ ባንኩ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ይጽፍለታል፤ ለሥራውም የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ያቀርባል። ደብዳቤው በመጀመሪያ ጥያቄ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንከፍላለን ይላል። ጠብ ሲነሣ አሠሪው ውሉን አቋርጦ ለባንኩ ክፈለኝ ብሎ ይጽፋል። ተቋራጩ ባንኩ ከከፈለ መያዣዬን ይሸጥብኛል፣ ሌላ ጨረታም አልገባም ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ይሮጣል፤ ባንኩ የግልግል ውሉ ተዋዋይ ስላልሆነ ጉባዔ ሊያዘው አይችልም፤ ስለዚህ የቀረው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

የተቋራጩ ጭንቀት ይገባኛል፤ እንዲህ ባለ ቀን ድርጅት ሊዘጋ ይችላል። ቢሆንም ፍርድ ቤት እዚህ ላይ እጁን መሰብሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዋስትናው የተጻፈው ክርክሩ እስኪያልቅ ገንዘቡ በአሠሪው እጅ እንዲቆይ ነው፤ የተዋዋላችሁት መጀመሪያ ይከፈል፣ ክርክሩ ይከተል ብላችሁ ነው። በእግድ ይህን መገልበጥ ውሉን እንደ ገና መጻፍ ይሆናል። ባንክ የጻፈው ዋስትና በየጊዜው በእግድ የሚቆም ከሆነ ነገ ማንም አሠሪ ቅድሚያ ክፍያ አይሰጥም፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ያው ተቋራጩ ነው።

ልዩ ሁኔታ የለም አልልም። ቅድሚያ ክፍያው ከየክፍያ ምስክር ወረቀቱ እየተቀነሰ ተመልሶ አልቆ ሳለ አሠሪው ሙሉውን ዋስትና ቢጠይቅ፣ ይህም በራሱ በአሠሪው ሰነድ ቢታይ፣ ግልጽ ማታለል ነውና ይታገድ። እግዱ ሲሰጥ ግን ዳኛው አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ዋስትናው የማብቂያ ቀን አለው። ባንኩ እንዳይከፍል ታግዶ ሳለ ቀኑ ካለፈ ተቋራጩ ሳይከራከር ረታ ማለት ነው። ስለዚህ እግዱ ጸንቶ የሚቆየው ተቋራጩ ዋስትናውን እያሳደሰ እስከ ቆየ ድረስ ነው የሚል ሐረግ በትእዛዙ ውስጥ መግባት አለበት። ይህች አንዲት ሐረግ ስንት ግፍ ታስቀራለች!

እዚህ ላይ ባንኩን የማነሣው ለሌላም ምክንያት ነው። አንዳንድ ሰዎች ዛሬ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም፣ የአስቸኳይ ጊዜ ገላጋይ ዳኛ አለ ይላሉ። እውነት ነው፤ የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ የለንደኑ የግልግል ተቋም ከ2014 ጀምሮ፣ ጉባዔው ከመሰየሙ በፊት ለአስቸኳይ ትእዛዝ ብቻ የሚቀመጥ ዳኛ በደንባቸው አስገብተዋል። የንግድ ምክር ቤቱ አስቸኳይ ዳኛ መዝገቡ ከደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ትእዛዝ ይሰጣል። ጥሩ መንገድ ነው፤ አቅሙ ግን የውሉ ፈራሚዎች ላይ ያበቃል።

አማዞን በሕንድ የደረሰበትን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊውቸር በሚባል የችርቻሮ ንግድ ቡድን ውስጥ ገንዘብ ሲያስገባ፣ የቡድኑ ሱቆች ለአንዳንድ ተፎካካሪዎች እንዳይሸጡ ውል ይዞ ነበር። በነሐሴ 2020 ፊውቸር ንግዱን በ24,713 ክሮር ሩፒ፣ ማለትም ወደ 247 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ፣ ከእነዚያ ተፎካካሪዎች አንዱ ለሆነው ሪላየንስ ልሸጥ ነው አለ። አማዞን ወደ ሲንጋፖር የግልግል ማዕከል ሄዶ በጥቅምት 25 ቀን 2020 ሽያጩን የሚያግድ የአስቸኳይ ዳኛ ትእዛዝ አወጣ። ፊውቸር ይህ ዳኛ በሕንድ ሕግ አይታወቅም ብሎ አልታዘዝም አለ። ከችሎት ችሎት ተንከራተቱ። በነሐሴ 6 ቀን 2021 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአስቸኳይ ዳኛው ትእዛዝ በሕንድ ይፈጸማል ብሎ ፈረደ። ለግልግል ሕግ ትልቅ ቀን ነበር፤ በብዙ አገር የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል።

ሱቆቹስ? ፊውቸር ለአከራዮቹ ኪራይ መክፈል አቅቶት ነበር። ሪላየንስ የብዙዎቹን ሱቆች የኪራይ ውል በራሱ ስም አዙሮ በየካቲት 2022 ሱቆቹን መረከብ ጀመረ፤ ከ800 በላይ ነበሩ። ሽያጭ ስላልተባለ እግዱ አልያዘውም፤ አከራዮቹ ደግሞ የግልግሉ ተዋዋዮች አልነበሩም። በዚያው ዓመት የፊውቸር አበዳሪዎች የሽያጩን ውል ውድቅ አደረጉ፤ ኩባንያውም ወደ ኪሣራ ሂደት ገባ። ጉዳዩ ሌሎች ብዙ ቅርንጫፎች አሉት። እኔ የምወስደው ግን ይህን ነው፦ አማዞን በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የተሻለ ጠበቃ መቅጠር የሚችል ድርጅት ሆኖ፣ ትእዛዝ በእጁ እያለ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትቶ ሳለ የተከራከረበት ነገር ከሥሩ ሄደ። ንብረቱን በእጁ የያዘው ሦስተኛ ወገን ከሆነ፣ ባንክ ይሁን አከራይ፣ መጋዘን ይሁን ተሽከርካሪ መዝጋቢ፣ ትእዛዙ በስሙ የሚጻፍለት ፍርድ ቤት ያስፈልጋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት የግልግል ሕግ ማሻሻያ የፍርድ ቤት የድጋፍ ትእዛዝ ከግልግሉ ውጭ ባሉ ሰዎችም ላይ ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ መጻፋቸው አያስደንቅም።

እስካሁን ስለ አንድ ዓይነት እግድ ተናገርኩ፤ ግልግሉን ስለሚያግዘው። በዚያው ስም የሚጠራ ግን ተቃራኒ ሥራ የሚሠራ ሌላ እግድ አለ፤ ግልግሉ ራሱ እንዲቆም የሚያዝ። ይህ በእኛው ከተማ ታይቷል። የጣሊያኑ ሳሊኒ ከአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር በነበረው የግንባታ ውል ምክንያት ግልግል ተጀመረ፤ መቀመጫው አዲስ አበባ ነበር። ጉባዔው ችሎቱን ፓሪስ ላይ ላድርግ ሲል ባለሥልጣኑ ዳኞቹን ተቃወመ፤ የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የግልግል አካል ተቃውሞውን ሲጥለው ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች መጣ፤ ፍርድ ቤቶቹም ሂደቱ እንዲታገድ አዘዙ። ጉባዔው በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ትእዛዙ አያስቆመኝም ብሎ ቀጠለ።

ማን ልክ ነበር በሚለው ዛሬም ይከራከራሉ። ባለሥልጣኑ መቀመጫችን አዲስ አበባ ተብሎ ተዋውለን ለምን ፓሪስ እንሂድ ማለቱ ሚዛን የሚደፋ ቅሬታ ነበር። የተመረጠው መድኃኒት ግን አልጠቀመም። ፍርድ ቤቱ ያልተከበረ ትእዛዝ ሰጠ፤ ጉባዔውም የመቀመጫውን አገር ፍርድ ቤት ተጋፍቶ ሄደ፤ የአዲስ አበባ የግልግል መቀመጫነት ስም በዓለም መጻሕፍት ውስጥ በዚህ ጉዳይ ተነሣ። በጉባዔው ሥልጣን ላይ ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለጉባዔው ያቅርብ፤ ካልረካ ሕጉ በፈቀደው መንገድ በውሳኔው ላይ ይምጣ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከጊዜያዊ ጥበቃ ጋር በአንድ መዝገብ ማየት ለሁለቱም ጉዳት ነው።

አሁን ስለ ጊዜ ልናገር፤ ከሁሉ ይበልጥ የምቆረቆርለት ይህ ነው። ጊዜያዊ የተባለ እግድ ዓመት ሲቆይ፣ እግዱን ያወጣው ሰው ደግሞ ግልግሉን ሳይጀምር ሲቀመጥ፣ ያ ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ሆኗል። የታገደው ሰው ማሽኑ ዝጎ፣ ደንበኛው ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ያልገባውን ዕዳ ተቀብሎ ይታረቃል። ሌሎች አገሮች ለዚህ ቀን ቆርጠዋል። የኒውዮርክ ሕግ እግድ ያገኘ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ግልግሉን ካልጀመረ ትእዛዙ ይወድቃል ይላል፤ እዚያ የምትነግዱ ወገኖቻችን ይህችን ቀን አትርሱ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሻሻለችው ሕጓ 90 ቀን ሰጥታለች። ደግሞም ሕንድም ሆነ እንግሊዝ ጉባዔው ከተሰየመና መሥራት ከቻለ በኋላ ባለጉዳይ መጀመሪያ ወደ ጉባዔው እንዲሄድ ያደርጋሉ፤ ፍርድ ቤት የሚገባው የጉባዔው አቅም ሲያጥር ነው። የእኛ ዳኞች ማንም ሳይነግራቸው በትእዛዛቸው ውስጥ ግልግሉ በዚህ ቀን ተጀምሮ ማስረጃው ይቅረብ፣ ካልቀረበ እግዱ ያለ ሌላ ትእዛዝ ይነሣል ብለው መጻፍ ይችላሉ። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን የእግድ ትእዛዝን ማሻሻልና መሻር ስለሚፈቅድ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያሻም።

ሌላኛው ወገን ሳይሰማ የሚሰጥ እግድም እንዲሁ ነው። አንዳንዴ ግድ ነው፤ ለሚያሸሽ ሰው መጥሪያ መላክ ሽሽ ማለት ነው። ግን ሳይሰማ የታገደ ሰው በቅርብ ቀን ይሰማ። ሞዴሉ ሕግ ጉባዔ እንዲህ ያለ ቅድመ ትእዛዝ ሲሰጥ ዕድሜው ከ20 ቀን አይለፍ ይላል፤ ጠያቂውም ለእሱ የማይመቸውን እውነት ጭምር ለዳኞቹ እንዲናገር ያስገድደዋል። ይህን ግዴታ በፍርድ ቤትም ብንለምደው እንዴት መልካም ነበር። ብቻዬን ቀርቤ ሳመለክት የሌላውን ሰው ክርክርም እኔው ልናገርለት ይገባል፤ እሱ የለምና። ዋስትናም እንደዚያው ነው፤ እግዱ ያለ አግባብ የተሰጠ ሆኖ ቢገኝ የታገደው ሰው የሚካስበት መያዣ ከጠያቂው መወሰድ አለበት፤ ለይስሙላ ሳይሆን የንብረቱን ዋጋና የሚቆምበትን ጊዜ ያመዛዘነ።

ከመቀመጤ በፊት ለነጋዴዎች አንድ ነገር ልለምን። የግልግል አንቀጽ ያለበት ውል ቤታችሁ ካለ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት። ጉዳዩ በግልግል ሊታይ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፤ የመሬት ክርክር፣ እንዲሁም ሕግ ካልፈቀደ በስተቀር የአስተዳደር ውል፣ በአዋጁ መሠረት ለግልግል አይቀርብም። ስለ ጊዜያዊ ጥበቃ ምንም ካልተጻፈበት ተዋዋያችሁ ገና ወዳጃችሁ ሳለ ጻፉበት፤ የትኛው ከተማ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ የአስቸኳይ ዳኛ እንዳለ ወይም እንደሌለ፣ ንብረቱ የት እንደሚቀመጥና ሲንቀሳቀስ ማን እንደሚነገረው። የማሽኑን ሻሲ ቁጥር፣ የመጋዘኑን ደረሰኝ፣ የባንኩን ቅርንጫፍ ከውሉ ጋር አያይዙ። ጠብ በመጣ ዕለት ጠበቃችሁ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው፤ ያን ቀን መፈለግ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል።